ቪዲዮው ጥሩ ነበር፤ አለቃቀቁ ነው ያበላሸው

ሐዋሳ ውስጥ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዶ ባዶ ካሜራ ይዞ የሚመለስ የለም። ጀልባዎቹ ገብተዋል። ልጆቹ ቆሮሶ እየገፈፉ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ቆመው ትራፊ ይጠብቃሉ። እኔም አንድ ቀን እዚያ የሰባት ደቂቃ ቪዲዮ ሠራሁ። በጣም ወደድኩት። ስለቀው ግን አበላሸሁት። ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼንም ሥራ ሳይ በአብዛኛው የምንሳሳተው ቀረጻው ላይ ሳይሆን ፖስት ስናደርግ ነው።

የሰው ዘፈን መጫን

የቪዲዮውን ድምፅ አጥፍቼ የምወደውን ዘፈን ጫንኩበት። ዩቲዩብ ላይ እንደወጣ የባለቤትነት ጥያቄ መጣ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "ስትራይክ ገባብኝ" ብሎ ይደነግጣል። ሁለቱ ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው ኮንቴንት አይዲ የሚባለው ሥርዓት ዘፈኑን ለይቶ የሚያመጣው ነው። ባለቤቱ ቪዲዮውን ማገድ ወይም የማስታወቂያ ገቢውን ለራሱ መውሰድ ይችላል፤ ቻናሉ አይነካም። ስትራይክ ደግሞ ባለቤቱ "ይነሳልኝ" ብሎ ሲያመለክት ይመጣል። በ90 ቀን ውስጥ 3 ከሞላ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል።

"ዘፈኑ የባለቤቱ ነው፣ እኔን አይመለከትም" ብሎ ከሥር መጻፍም አያድንም። እንደውም የሰው መሆኑን እያወቃችሁ እንደወሰዳችሁ በራሳችሁ እጅ መፈረም ነው። ቲክቶክ ላይ የተፈቀደ ሳውንድም ፈቃዱ እዚያው ነው። አውርዳችሁ ዩቲዩብ ላይ ብትለቁት ፈቃዱ አብሮ አይመጣም። ሙዚቃ የግድ ካስፈለገ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ በነጻ የሚገኝ የድምፅ ላይብረሪ አለ።

እኔን ግን የሚቆጨኝ ያጠፋሁት ድምፅ ነው። የቢላው ፍጭት፣ የክንፉ ድብደባ፣ የገዢና የሻጭ ጭቅጭቅ። ከየትኛው ዘፈን ያንሳል?

"ሐዋሳ"ን በአንድ መንገድ ብቻ መጻፍ

ይሄ የኛ ጣጣ ነው። አንዱ ሐዋሳ ይላል፣ አንዱ ሀዋሳ፣ ሌላው አዋሳ። አሳም እንደዚያው፦ ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሣ። ከ"አዋሳ" በቀር ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰው በአንዱ ሲፈልግ የናንተ በሌላው ተጽፎ ከሆነ መፈለጊያው ያገናኛችኋል ብላችሁ አትተማመኑ። አርእስቱ ላይ አንዱን ያዙ፤ ሌሎቹን መግለጫው ውስጥ በዓረፍተ ነገር አስገቧቸው። አርእስት 100 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፤ መግለጫው ግን እስከ 5,000 ይፈቅዳል። ብዙዎቻችን ባዶ ነው የምንተወው።

"ጉድ ተመልከቱ!!!" የሚል አርእስትስ? ማን ነው "ጉድ" ብሎ ፈልጎ የሚያገኛችሁ?

ቪዲዮን በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ መላክ

ቀራጩ ለኤዲተሩ ይልካል፣ ኤዲተሩ መልሶ ይልካል፣ ከዚያ ይጫናል። በየመንገዱ ይጨመቃል። መጨረሻ ላይ ሐይቁ የተፈጨ ሽሮ ይመስላል። በፋይል መልኩ ላኩት፤ ያኔ ጥራቱ አይነካም። እስከ 2 ጊጋባይት በነጻ ይሄዳል። ዋናውን ቅጂም ሳታጠፉ አስቀምጡ።

ቻናሉን በሰው ስልክ መክፈት

አንድ የማውቀው አሳ ቤት የቴሌግራም ቻናሉን አንድ ጎበዝ ሠራተኛ በራሱ ቁጥር ከፈተለት። ልጁ ሥራ ለቆ ሄደ፤ ስልኩም አይነሳም። ተከታዮቹ እዚያው ናቸው፤ የምግብ ዝርዝሩ ግን አሁንም የድሮውን ዋጋ ያሳያል። ቻናሉ ገና ከመነሻው በባለቤቱ ቁጥር ይከፈት፤ ሠራተኛው አድሚን ቢሆን ይበቃል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም (ከሚላከው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብሩት። እሱ ሳይበራ የቻናል ባለቤትነትን ለሌላ ማስተላለፍም አይቻልም።

"ሰብ አድርገኝ፣ ሰብ ላድርግህ"

ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ዩቲዩብ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት ይጠይቃል። ስለዚህ ሰው ሰብ ይለዋወጣል። ይሄ በደንቡ ክልክል ነው። ባይከለከልስ፣ ለልውውጥ ብሎ የመጣ ሰው አይቶላችሁ ያውቃል? ሾርትስ (የዩቲዩብ አጫጭር ቪዲዮዎች) ብቻ የምትሠሩም፣ በሾርትስ ገጹ ላይ የታየው ሰዓት ከ4,000ው ውስጥ እንደማይቆጠር እወቁ። ለሾርትስ የተለየ መንገድ አለ፤ እሱ በሰዓቱ ፈንታ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን ዕይታ ይፈልጋል።

ሳይጠይቁ ፊት መቅረጽ

ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ፤ አፈርኩበት። በሁለተኛው ጉዞዬ አንዱን አሳ ገፋፊ "ወንድም፣ ልቅረጽህ?" አልኩት። "ፊቴን ተወው፣ እጄን ቅረጽ" አለኝ። የእጁ ፍጥነት ለካ ከፊቱ ይበልጥ ያወራ ነበር። ስጨርስ "ላክልኝ" አለ። ጥራቱ እንዳይበላሽ ብዬ በፋይል ላክሁለት። ስልኩ ሞልቶ ኖሮ አልወርድ አለው።