በሕይወት ላሉ የሙዚቃ ደራሲዎች ወሎ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ጉባኤ እንዴት ይዘጋጃል?

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን (ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ረድፎች) የሁለቱ ስም፣ የባቲና የአምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም ነው። እንዲህ ባለ አገር ዩኒቨርሲቲ ስለ ሙዚቃ ጉባኤ ሲጠራ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ድሮው ነው። ድሮውን ማክበር ደግ ነው። ግን ዛሬም ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ቁጭ ብሎ አዲስ ሥራ የሚሠራ ሰው አለ። የሱን ሥራ ማን ይስማለት?

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ጉባኤ ለማዘጋጀት ለምታስቡ መምህራንና ተማሪዎች ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ገንዘቡም ጊዜውም በመጀመሪያ ለልምምድ ይዋል። ባነሩ፣ ቲሸርቱ፣ ቦርሳው ከተረፈ ይታሰብበታል። የታወቀ ዘፈን መድረክ ላይ ቢበላሽ ሁላችንም በልባችን እናቃናዋለን። አዲስ ሥራ ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም። ሲበላሽ አድማጩ ጥፋቱ የደራሲው ይሁን የተጫዋቹ በምን ይለየዋል? ሰውየው ወራት የለፋበት ሥራ በዚያው ይቀራል።

ጥሪውን ስትጽፉ

ማንን እንደምትጠሩ በግልጽ ጻፉ። እኛ አገር አልበም ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ለየብቻ ነው የሚጻፉት። ብዙ ጊዜም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጥሪው ዝም ብሎ «የሙዚቃ ደራሲዎች» ካለ፣ አቀናባሪው እኔን አይመለከተኝም ብሎ ሊተወው ይችላል። «ለመሣሪያ ወይም ለድምፅ አዲስ ሥራ የፈጠረ ሁሉ» ብትሉ ይሻላል።

ኖታ ብቻ አትጠይቁ። በጆሮው የሚሠራ ስንት ጎበዝ አለ። በስልክ የተቀዳ ድምፅ በቴሌግራም ይላክ። ሥራው ከተመረጠ በኋላ ኖታ የሚያውቅ ተማሪ ከደራሲው ጎን ተቀምጦ ይጻፍለት። ለተማሪውም ትልቅ ትምህርት ነው።

ያሏችሁን ተጫዋቾች ቁጥራቸውን ሳይቀር ዘርዝሩ። አንድ ማሲንቆ፣ ሁለት ክራር፣ አንድ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ኪቦርድ፣ ሁለት ድምፃውያን ካሏችሁ እሱን ጻፉ። ደራሲው ለሌለ ቫዮሊን ጽፎ እንዳይደክም። የወሎ አዲስ ሙዚቃ የግድ በማሲንቆ ነው ብላችሁም በሩን አትዝጉ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በአምባሰል ስም ለፒያኖ ብቻ የጻፈው ሥራ አለው።

የእያንዳንዱ ሥራ ርዝመት ከስምንት ደቂቃ አይብለጥ። ለአንድ ቀን ስድስት ሥራ ይበቃል። ምርጫው ላይ የአመልካቾቹ ስም ተሸፍኖ ሦስት ሰዎች ይስሙት። ከሦስቱ አንዱ ራሱ መሣሪያ የሚጫወት ይሁን። ጉባኤው ሊደርስ ሦስት ወር ሲቀረው ተጫዋቹ እጅ ላይ ሥራው መግባት አለበት።

ልምምዱ

ጀርመን አገር ዳርምሽታት ከተማ ውስጥ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ የአዲስ ሙዚቃ የበጋ ኮርስ አለ። ደራሲውም ተጫዋቹም ተማሪውም አብረው ይሰነብታሉ። እኛ ያን ያህል አቅም ባይኖረን አብሮ መሰንበቱን ግን ልንወስድ እንችላለን።

ለእያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ ሦስት ልምምድ ያዙ። ሁለተኛው ላይ ደራሲው ራሱ ይገኝ። ሦስተኛው ላይ ከሆነ የሚያርመው ነገር ቢኖርም ጊዜ የለም። ፕሮፖዛሉ ላይ «የልምምድ አበል» የሚል መደብ ለብቻው አስገቡ። ለጥናት አቅራቢ አበል ሲጠየቅ ፋይናንስ ክፍሉ ይገባዋል። የማሲንቆ ተጫዋች ሦስት ቀን ለምን እንደሚከፈለው ግን ካልተጻፈለት አይገባውም።

አሁን ወደ ቅኝቱ። ሰው የሚዘነጋው እሱን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ዋሽንት ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ አለው። አንዴ ከተቆረጠ ድምፁ ያው ነው። ለዚህ ነው ዋሽንተኛ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች ይዞ የሚዞረው። ስለዚህ መጀመሪያ ዋሽንቱ ይነፋ። ክራሩ በእሱ ይቃኝ፣ ማሲንቆው ይከተል። ኪቦርድ ካለ ደግሞ ሁሉም ወደ እሱ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከኪቦርዱ ጋር የሚስማማ ዋሽንት መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ክራር ላይ ከትዝታ ቅኝት ወደ አምባሰል መዞር ምን እንደሚጠይቅ እንይ። ትዝታን ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው፤ ቤሞል ማለት ግማሽ ድምፅ የወረደ ነው። ዶና ሶል ባሉበት ይቆያሉ። ሬና ላ ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ሚ ግማሽ ድምፅ ወጥቶ ፋ ይሆናል። ሦስት ክር መነካት አለበት ማለት ነው። አዲስ የተነካ ክር ደግሞ ቶሎ አይረጋም፣ ሥራው መሀል ላይ ይከዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ወይ ሁለት ክራር በሁለት ቅኝት ተቃኝተው ይቀመጡ፣ ወይ የአንድ ቅኝት ሥራዎች ተከታትለው ይቅረቡ።

ደራሲውን አንድ ነገር ጠይቁት። ክራሩ በኪቦርዱ ይቃኝ ወይስ በተጫዋቹ ጆሮ? በተለይ አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት ላይ የማሲንቆ ተጫዋች ጆሮ የሚፈልገው ድምፅና ኪቦርዱ የሚሰጠው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ይህን የሚወስነው ደራሲው ነው።

የአየሩም ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ኮምቦልቻ ታች ሞቃት ናት። ኮምቦልቻ በቀትር የተቃኘ ማሲንቆ ደሴ ማታ ሲደርስ ጭራውም ቆዳውም ሌላ ነው። መሣሪያው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ አዳራሹ ውስጥ ይቆይ።

ቀኑና አዳራሹ

ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ከሆነ ክረምቱን እርሱት። ዝናብ ሲወርድ ክራር ቀርቶ ማይክም አይሰማም። የካቲትና መጋቢትም የበልግ ዝናብ አለ። ኅዳር ጥሩ ነው። መስከረም 21 አካባቢ የግሸን ምእመን ከየአገሩ ስለሚጎርፍ መኪናውም አልጋውም ይጠባል። ረመዳን በየዓመቱ ስለሚዞር ካላንደር እዩ። ዓርብ የጁምዓ ሰዓት ላይ ምንም አታስገቡ። ምሳው ለሁሉም የጾም ይሁን፣ ሽሮና ምስር። የሙስሊም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚለው ጣጣ ሁሉ ይቀራል፣ ሰውም አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣል።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ አስቡ። ጄነሬተሩ ከአዳራሹ ራቅ ብሎ ይቁም፣ ድምፁ ሙዚቃውን እንዳይውጠው። ከተቻለ ሁለት ሦስቱን ሥራ ያለ ማይክ አድርጉት።

የዕለቱ አካሄድ

መክፈቻው አምስት ደቂቃ። ከዚያ ወዲያው ሙዚቃ።

እያንዳንዱ ሥራ ሁለት ጊዜ ይደመጥ። አንዴ ያለ ማብራሪያ ይጫወቱት። ደራሲው ተነሥቶ ምን እንደፈለገ በአምስት ደቂቃ ይናገር። እንደገና ይጫወቱት። ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው ላይ ሰው የሚሰማው ነገር ከመጀመሪያው በጣም ይለያል። ጊዜ አጠረ ተብሎ የሚቆረጥ ነገር ካለ ንግግሩ ይቆረጥ እንጂ ሁለተኛው ጭወታ አይነካ።

የመድረክ መሪው የመጀመሪያውን ቃል ለተጫዋቾቹ ይስጥ። የት ላይ እንደከበዳቸው፣ የት እንደተመቻቸው ይናገሩ። አድማጩም «ጥሩ ነው፣ ጥሩ አይደለም» ከማለቱ በፊት የሰማውን ይንገር። አዝማሪዎችን፣ የመንዙማ አባቶችን፣ የዜማ ሊቃውንትን ከፊት አስቀምጧቸው። እነሱ አንዲት ድምፅ ስትሳት ያውቃሉ። አንድ ሥራ ከመንዙማ ወይም ከቅዱስ ያሬድ ዜማ የወሰደ ከሆነ ደራሲው በልምምዱ ወቅት ሄዶ ያማክራቸው። አዳራሽ ውስጥ ድንገት ሰምተው እንዲያዝኑ አይደረግም።

ከመቅዳታችሁ በፊት

በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ተጫዋቹም የራሱ መብት አለው። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ስምምነት ይበቃል። ማን ይቀዳል፣ የት ይጫናል፣ ገቢ ቢገኝ የማን ነው የሚለውን ይያዝ። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ይፈረም።

ቅጂው በሳምንት ውስጥ ለደራሲው ይድረሰው፣ ያልተቆራረጠው። የኖታው አንድ ኮፒ ቤተ መጻሕፍት ይግባ። ሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም፣ ዓመቱ፣ ቅኝቱ፣ የዋሽንቱ መነሻ ድምፅና ክራሩ በምን እንደተቃኘ ይጻፍ። ሌላ ተጫዋች ሥራውን ማንሣት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።