ለኬጂ ልጆች የእንግሊዝኛን ነጠላና ብዙ ቁጥር ስናስተምር

ኬጂ ክፍል ውስጥ ከምሰማው ሁሉ የሚደጋገመው «ቱ ፔን»፣ «ስሪ ቡክ» ነው። አማርኛችን ቁጥሩን ከጠራ በኋላ ስሙን እንዳለ መተው ይችላል፤ «ሁለት እስክሪብቶ» እያለ ያደገ ልጅ ስሙንም ማብዛት እንዳለበት በምን ይወቅ? ስለዚህ «ሲበዛ ኤስ ጨምሩ» ብሎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አይበቃም። ቁጥሩና ስሙ አብረው አፉን ሊለምዱት ይገባል።

እኔ በቆርኪ እጀምራለሁ። ደብተር አይወጣም። አንዱን መዳፌ ላይ አስቀምጬ «ዋን ካፕ» እላለሁ። ሁለተኛውን ጣል ሳደርግ «ቱ ካፕስ»፤ መጨረሻዋን ‹ስ› ሳብ አደርጋታለሁ። ከዚያ ተራው የልጆቹ ነው፦ አንዱ ከጀርባው ይደብቃል፣ ሌሎቹ «ዋን ካፕ? ስሪ ካፕስ?» እያሉ ይገምታሉ። ይህን ጨዋታ ሲይዙ አይጠገቡም። በጣም ትንንሾቹ ያገኙትን አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱ ለእነሱ በቆርኪው ፋንታ ኩባያ ይሁን።

ድምፁ ላይ አደራ እላለሁ። ጽሕፈቱ ኤስ ቢሆንም ካፕስና ቡክስ በ‹ስ›፣ ፔንዝና ባግዝ በ‹ዝ›፣ ቦክሲዝ ደግሞ በ‹ኢዝ› ያልቃሉ። ፊደላችን ‹ስ›ንም ‹ዝ›ንም ስላለው ልጆቻችን አይቸገሩም፤ «ፔንስ» የሚሉት እኛ ስንል ሰምተው ነው። ሕጉን ለልጅ አትተንትኑ፣ እናንተ አስተካክላችሁ ጥሩት።

ገባው ወይስ ሸመደደው? በ1958 እ.ኤ.አ. ጂን በርኮ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ባሳተሙት ጥናት «ዋግ» የተባለ የፈጠራ ፍጡር ሥዕል ለልጆች አሳይተው ሁለት ሲሆኑስ ብለው ጠይቀዋል። እኔም ሰሌዳ ላይ ጆሮ ያለው ክብ ነገር እስልና «ዱም» እለዋለሁ። ሌላ ስጨምር «ቱ ዱምዝ» ያለ ልጅ ሕጉን ይዞታል።

ከሕጉ የሚያፈነግጡትን አታብዙ። ማን-ሜን፣ ቻይልድ-ችልድረን፣ ፉት-ፊት ለጊዜው ይበቃሉ። የመጨረሻው ላይ ልጆቹ ፊታቸውን ይነካሉ፤ እግራቸውን መሬት ላይ እያስመቱ አስተምሩት። ቱዝና ቲዝን (ጥርስና ጥርሶች) አቆዩት፤ በእኛ አነጋገር የነጠላውም መጨረሻ ‹ስ› ወይም ‹ዝ› ስለሚመስል ያደናግራል።

«ፉትስ» ያለውን አትቆጡ፤ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ልጆችም ይሉታል። «የስ፣ ቱ ፊት!» ብላችሁ ቀጥሉ። «ስህተት ነው» የተባለ ዓይን አፋር ልጅ ቀኑን ሙሉ ላይናገር ይችላል።

ወላጆች፣ ቤት ውስጥ የታጠበ ካልሲ ስታጣምሩ ልጃችሁን አስቀርባችሁ «ዋን ሶክ፣ ቱ ሶክስ» በሉ። ማንኪያ ስትደረድሩም እንዲሁ፦ «ዋን ስፑን፣ ፎር ስፑንዝ»።