ዊንዶውስ አይሱዙ፣ ሊኑክስ ደቦ፦ በኦፕሬቲንግ ሲስተም ስትቀልዱ የምትሳሳቷቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ግማሹ ሥራችን ወግ ነው። "ለምን ዘገየብኝ?" ላለ ደንበኛ ስለ ሬጂስትሪ ብታወሩለት ያዛጋል፤ በምሳሌ ስትነግሩት ግን እየሳቀ ይገባዋል። አብረውኝ የሚለማመዱት ልጆች ምሳሌውን ወደዱት፤ ማጣራቱን ግን እንጃ።

ደሜን የሚያፈላው ስህተት ማሽኑን ሳያዩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ዋና ፕሮግራም፣ ማወዳደር ነው። በቀደም አንዱ ልጅ ለደንበኛ "ዊንዶውስ ጣርማ በርን የሚወጣ አሮጌ አይሱዙ ነው፤ ማክ ግን ወደ ሸዋ ሮቢት እንደሚወርድ መኪና ይንሸራተታል" ሲል ሰማሁት። ተሳቀ። ግን ራሱ ተናገረው እኮ! አንዱ ዳገት ላይ ነው፣ ሌላው ቁልቁለት። የደንበኛው ላፕቶፕ 4 ጊጋ ራም (ለጊዜው የሚሠራበት ሜሞሪ) እና እየተሽከረከረ የሚያነብ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው ያለው። ማኩ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ፣ አለው። ታዲያ ሲስተሙ ምን አጠፋ? ላፕቶፑን ፈታሁት፣ ኤስኤስዲ ገጠምኩለት፣ ያንኑ ዊንዶውስ 10 መልሼ ጫንኩ። ቅድም እስኪነሳ ቡና ይቆላ ነበር፤ አሁን ስኒው ሳይቀርብ ተከፈተ። ያው አይሱዙ ነው። እኔም ብሆን "ዊንዶውስ ሰነፍ ነው" እያልኩ ለዓመታት የስንቱን ኮምፒውተር በከንቱ ፎርማት አድርጌያለሁ። ዊንዶውስ ውስጥ ማሽኑን ምን እንዳጨናነቀው የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ቀልዳችሁን ዋጡት።

"ማክ ቫይረስ አይነካውም" አትበሉ። ይነካዋል።

"ሊኑክስ ነጻ ነው" ብላችሁም እዚያ ላይ አታቁሙ። ደቦ ነው በሉ። ሊነስ ቶርቫልድስ በፈረንጆቹ 1991 ጀመረው፣ ከዚያ ከየአገሩ ሰው ማጭዱን ይዞ መጣ። ደቦ የቀን ሂሳብ አይከፈልበትም፤ ጠላው ግን ከባለቤቱ ነው። የሊኑክስ ጠላ ጊዜያችሁ ነው። ፕሪንተሩ እምቢ ያለ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ስትጠምቁ ታድራላችሁ።

የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። ለሰው ጽሑፍ የሚተይቡበት ቤት ያላቸው አንዲት እትዬ ነበሩ። ደንበኛ ፍላሽ በሰካ ቁጥር ቫይረስ ይገባባቸዋል። "ሊኑክስ የመንዝ በርኖስ ነው፤ ብርድ አያስገባም" አልኳቸውና ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ኡቡንቱን፣ ጫንኩላቸው። በማግስቱ ደወሉ።

"አንተ ልጅ! የሰው ውል ሁሉ ፈረንጅኛ ሆነብኝ!"

ሮጬ ሄድኩ። ውሎቹ የተጻፉት ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። እንዲህ ያለው ፎንት ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ፎንቱ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው የላቲን ዝብርቅርቅ ብቅ ይላል። አማርኛ የሚጽፉበት ፕሮግራም፣ ፓወር ግዕዝም፣ ለዊንዶውስ የተሠራ ነውና አልተነሳም። "ኡቡንቱም አማርኛ ይጽፋል" ብዬ ላሳያቸው ሞከርኩ። የእሳቸው እጅ የለመደው ሌላ ነው፣ ደጅ ላይ ደግሞ ሰው ተሰልፏል። ማታውኑ ዊንዶውስ መለስኩላቸው። ሂሳብ ለመጠየቅ አፍም አልነበረኝ። ስለዚህ ከቀልዱ በፊት ሰውዬው በማሽኑ ምን እንደሚሠራበት ጠይቁ።

በዊንዶውስ አፕዴት ቀልዱ፣ ግን መሃል ላይ አታጥፉት። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ከመኪና መውረድ ነው።

በማክ ዋጋም ቀልዱ። ራም ሊያስጨምር በመጣ ሰው ላይ ግን አትሳቁ፤ በአዲሶቹ ላይ ራሙ አብሮ የተሠራ መሆኑን ሲገዛ የነገረው የለም።

"ዊንዶውስ 10 ሞቷል" የሚለውንም ተዉት። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የደህንነት ማሻሻያው እንደ ድሮው አይመጣም፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮምፒውተሩ ግን ይነሳል። በቀደም አንድ አባት ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ።

"ሞቷል ተብዬ ነው። ለዕቃው የሚገዛኝ ካለ ብዬ።"

ሰካሁት። ተነሳ። የልጅ ልጃቸው ፎቶ ስክሪኑን ሞላው።

"ማን ነው ሞቷል ያለዎት?"

"ይሄ እዚህ ያለው ልጅ።"

ዞር ስል ልጁ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ብሎን ይፈልጋል።