በፊንላንድኛ «የት ነው?» ሲሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፊንላንድኛን በእንግሊዝኛ በኩል የሚማር አማርኛ ተናጋሪ በእጁ ያለውን ትልቅ እርዳታ ይተወዋል። አማርኛ ብዙ ቦታ ላይ ለፊንላንድኛ የተሻለ ድልድይ ነው። የሚያሳስትበት ቦታም አለ፤ ከዚያ እንጀምር።

ለሁሉም «ሚሳ» ማለት። «ሚሳ ኦን ቬሳ?» መጸዳጃ ቤቱ የት ነው ማለት ነው፤ ትክክል ነው። እኛ ግን «የት ትሄዳለህ?» ማለት ስለለመድን «ሚሳ ሜኔት?» እንላለን። የሚባለው «ሚኔ ሜኔት?» ነው። ፊንላንድኛ የት (ሚሳ)፣ ከየት (ሚስታ) እና ወዴት (ሚኔ) የሚሉትን ሦስቱን ፈጽሞ አይቀላቅልም። ከመናገርዎ በፊት «ወዴት» ማለት ይቻል እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ።

በመልሱ ላይ ስሙን እንዳለ መተው። ሱቅ «ካውፓ» ነው፤ ሱቅ ውስጥ «ካውፓሳ»፣ ከሱቅ «ካውፓስታ»፣ ወደ ሱቅ ደግሞ መጨረሻውን አስረዝሞ «ካውፓአን» ይባላል። «ካውፓ» ሲባል «ፓ» ይጠብቃል፤ «ካውፓሳ» ላይ ግን ይላላል፣ የሚጠብቀው «ሳ» ነው። ሌሎች ተማሪዎች በዚህ ብዙ ይለፋሉ። «ገና» ጠብቆና ላልቶ ሁለት ትርጉም እንዳለው ለሚያውቅ ጆሮ ግን እንግዳ ነገር አይደለም።

«ረሳሁ» ሲሉ «ውስጥ» ማለት። ስልክዎን አውቶቡስ ውስጥ ቢረሱ ፊንላንዳውያን የሚሉት «ወደ አውቶቡስ ረሳሁ» ነው፦ «ኡኖህዲን ፑሄሊሜን ቡሲን»። «ቡሲሳ» ካሉ አውቶቡስ ውስጥ ሳሉ ስልኩን እንደረሱ ያስመስላል። ስለ መግዛት ሲሆን ግን አማርኛዎን ይመኑ፤ እነርሱም እንደ እኛ «ከሱቅ ገዛሁ» ይላሉ።

የቃላትን ቅደም ተከተል ችላ ማለት። ይህ ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት ይፈልጋል። ፊንላንድኛ «አለ» እና «ነው»ን በአንድ «ኦን» ይጠቀልላቸዋል፤ እንደ «ካፌው» ያለ መጨረሻም የለውም። ልዩነቱን የሚሸከመው ቅደም ተከተሉ ነው። «ቶሪላ ኦን ካህቪላ» ካሉ በገበያው አደባባይ ካፌ አለ ማለት ነው፤ ሰሚው ስለ ካፌው ገና መስማቱ ነው። «ካህቪላ ኦን ቶሪላ» ካሉ ደግሞ የምናውቀው ካፌ አደባባዩ ላይ ነው። በአማርኛ «አለ» የሚሉ ከሆነ ቦታውን ያስቀድሙ፣ «ነው» የሚሉ ከሆነ ነገሩን።

ቤት ሲሆን «ኮዲሳ» ማለት። ቤቴ ነኝ ለማለት «ኦሌን ኮቶና» ነው የሚባለው።

ለከተሞች ሁሉ «ሳ» መጠቀም። ቱርኩ «ቱሩሳ»፣ ኤስፖ «ኤስፖሳ» ይሆናሉ፤ ታምፔሬ ግን «ታምፔሬላ»፣ ቫንታም «ቫንታላ» ነው። ሁሉንም የሚገዛ ደንብ አይፈልጉ፤ የሚኖሩበትን ከተማና የሚመላለሱባቸውን ሰፈሮች ስም ከነመጨረሻው ይያዙ።