የሌክሰስ ኤልኤስ 400 የመሪ ዘይት መፍሰስ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤውና መፍትሄው

እ.ኤ.አ. በ1989 ቶዮታ ሌክሰስ በሚል ስም የአሜሪካን የቅንጦት መኪና ገበያ ሲቀላቀል ፊት ያሰለፈው ኤልኤስ 400ን ነበር። ባለ4 ሊትርና ባለ8 ሲሊንደር ሞተሩ በአግባቡ ለያዘው ሰው ዛሬም ድምፁን ሳያሰማ ይሠራል። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቱቦዎችና የጎማ ቀለበቶች ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሙቀት ሲጠበሱ ኖረዋል። ከእነዚህ መካከል ቶሎ እጅ ከሚሰጡት አንዱ የመሪው የዘይት መስመር ነው። እዚህ የማወራው በዋናነት ከ1990 እስከ 1994 ስላሉት ሞዴሎች ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2000 የወጡትም ሕመማቸው ተቀራራቢ ነው።

በዚህ መኪና ላይ የመሪ ዘይት መፍሰስ «እየጨመርኩ እነዳዋለሁ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የመሪው ፓምፕ ከላይ፣ ዲናሞው ደግሞ ከሥሩ ተቀምጠዋል። ከፓምፑ የሚንጠባጠበው ዘይት ዲናሞው ውስጥ ይገባና ካርቦኖቹን (በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉትን ክፍሎች) ያጨማልቃል። አንድ ቀን ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪው መብራት ይበራል፤ ባለቤቱም ዲናሞ ያስቀይራል። ከላይ ያለው ፓምፕ ማንጠባጠቡን ካላቆመ አዲሱም ዲናሞ ዕጣው ያው ነው። ስለዚህ ዲናሞ ከመግዛትዎ በፊት ከበላዩ ያለው ፓምፕ ደረቅ መሆኑን ይመልከቱ።

የፈሰሰው በእርግጥ የመሪ ዘይት ነው?

ይህ ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። መኪናው ለመሪው የሚጠቀመው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የተባለውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ካምቢዮውም የሚጠቀመው የዚያኑ ዓይነት ቀይ ዘይት ነው። የቶዮታ የቀድሞ የራዲያተር ፈሳሽም ቀይ ነበር። ሦስት ቀይ ፈሳሽ ባለበት መኪና ሥር ቀይ ጠብታ ማግኘት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም።

የራዲያተሩን ፈሳሽ መለየት ቀላል ነው። ጠብታውን ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ቢጨምሩት ይቀላቀላል፤ ዘይት ከሆነ ግን ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የመሪውን ዘይት ከካምቢዮው ለመለየት የሁለቱንም መጠን ዛሬ ለክተው ምልክት ያድርጉ፣ ከጥቂት ቀናት መንዳት በኋላም ተመልሰው ይለኩ። ጠብታው በወደቀበት ቦታ ብቻ አይፍረዱ፤ የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦዎች እስከ ራዲያተሩ ድረስ ስለሚመጡ የካምቢዮ ዘይትም ከፊት ሊንጠባጠብ ይችላል። ጠብታው ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው፤ ያኔ የቫልቭ ክዳኑን ጋስኬት ይመልከቱ።

የመሪው ዘይት መሆኑ ከተረጋገጠ ቀጣዩ ሥራ ማጠብ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ዲናሞውን በፕላስቲክ ከረጢት ይጠቅልሉት፤ ፓምፑንና አካባቢውን በዘይት ማስለቀቂያ ፈሳሽና በብሩሽ አጽድተው ያድርቁት። ከዚያ ከረጢቱን ያውጡ፣ ሞተሩን ያስነሱ፣ ሌላ ሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ እያዞረ እርስዎ በባትሪ መብራት ይመልከቱ። እጅዎንና ልብስዎን ከቺንጊያው ያርቁ። ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፣ የአየሩ ግፊትም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚፈለገው በጣም የረጠበው ቦታ ሳይሆን ከሁሉም ከፍ ብሎ የረጠበው ቦታ ነው። ሰው ደህናውን ፓምፕ የሚቀይረው ይህን እርምጃ ሲዘል ነው።

ዘይቱ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም

ይህ የኤልኤስ 400 ልዩ ጠባይ ነው። ባለቤቱ በየጊዜው ዘይት ይጨምራል፤ ከመኪናው ሥር ያነጠፈው ካርቶን ግን ንጹሕ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ፣ ወይም መኪናው ሲቆምና መሪው ሲጠመዘዝ፣ ከኋላ ነጭ ጭስ ይወጣል። ብዙ ሰው ጭሱን አይቶ የሞተሩ ቴስታ ጋስኬት ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል። አንዳንድ መካኒክም አብሮ ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ደግሞ ሂሳብ አለው።

ፓምፑ ላይ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች የተሰኩበት ትንሽ የአየር ቫልቭ አለ። መኪናው ቆሞ መሪው ሲጠመዘዝ ፓምፑ ሞተሩን ይጫነዋል፤ ያኔ ቫልቩ ተከፍቶ ለሞተሩ ትርፍ አየር ይሰጠዋል፤ ሞተሩም አይንቀጠቀጥም። ቫልቩ በአንድ በኩል ከፓምፑ ዘይት፣ በሌላ በኩል ከሞተሩ የአየር ማስገቢያ ጋር የተገናኘ ነው። ሁለቱን የሚለየው የውስጥ ክፍል ሲያረጅ የሞተሩ ስበት የመሪውን ዘይት ይመጠውና ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥለዋል። ዘይቱ መሬት ላይ የማይታየው በጭስ ማውጫው ስለሚወጣ ነው።

ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ሁለቱን ቱቦዎች ከቫልቩ ነቅለው ውስጣቸውን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ቀይ ዘይት ካገኙ ጥፋተኛው ተይዟል። አዲሱን ቫልቭ እስኪያገኙ ድረስ የሁለቱንም ቱቦዎች አፍ በልካቸው በሆነ ቡሎን ይድፈኑ፣ የቫልቩን ሁለት አፎችም እንዲሁ ይክደኑ። በዚህ ሁኔታ መንዳት ይቻላል፤ ልዩነቱ መኪናው ቆሞ መሪ ሲያዞሩ ሞተሩ ትንሽ መውረዱ ነው። ቱቦዎቹን ክፍት ትቶ መንዳት ግን ሞተሩ ያልተጣራና ያልተለካ አየር እንዲስብ ያደርጋል።

ቫልቩን ለመቀየር ዲናሞውን እንደገና ሸፍነው አሮጌውን በቁልፍ ይፍቱ፤ አዲሱን ከአዲስ ማሸጊያው ጋር መጀመሪያ በእጅ ያስገቡ፣ ከዚያ በልክ ያጥብቁ። ቱቦዎቹንም አብረው ይለውጡ፤ ዘይት የጠጣ ጎማ ለስልሶ ይላላል። በቱቦዎቹ ውስጥ የቀረ ዘይት ካለ ጭሱ ወዲያው ላይቆም ይችላል፤ ጥቂት ይንዱትና ይዩት። ችግሩ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ሻማዎቹን አውጥቶ ማየትም አይከፋም።

የፓምፑ አናትና ቱቦዎቹ ረጥበዋል

የዘይቱ ቋት ከፓምፑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የጎማ ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት ሲደርቅ ከቋቱ ሥር ያልባል። ምልክቱ ጠዋት ሲቀዘቅዝ መታየቱ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ግን መጥፋቱ ነው፤ የደረቀ ጎማ ሲሞቅ ትንሽ ይለሰልሳልና። በቋቱ ውስጥ ያለውን ዘይት በሲሪንጅ ይምጠጡ፣ ቋቱን ፈትተው ያንሱ፣ ቀለበቱን ይቀይሩ። ቀለበት ሲገዙ ናይትራይል ከሚባለው ጎማ የተሠራውን ይጠይቁ። ለፍሬን ዘይት የሚሠራው ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ በዚህ ዘይት ውስጥ ያብጣል፤ መልካቸው ግን አንድ ዓይነት ነው።

ወደ ቋቱ የሚመለሰው ዝቅተኛ ግፊት ያለው ቱቦ ደግሞ የሚያፈሰው ጫፉ ላይ ነው። ማጥበቂያውን ብቻ ማጥበቅ የአንድ ሰሞን መድኃኒት ነው። ቱቦው ሲጫኑት እንደ እንጨት ከደረቀ ለመሪ ዘይት በተሠራ ቱቦ ይተኩት። የራዲያተር ቱቦ ቆርጦ ማስገባት አይሆንም፤ ዘይቱ ይበላዋል።

ከፍተኛ ግፊት ያለው ቱቦ ከፓምፑ ጋር የሚገናኘው መሐሉ በተቦረቦረ ቡሎን ነው፤ በቡሎኑ ግራና ቀኝ ለስላሳ ሮንዴላዎች አሉ። እነዚህ አንዴ ከተጨፈለቁ ሁለተኛ አያሽጉም። ቡሎኑን በፈቱ ቁጥር አዲስ ሮንዴላ ያስገቡ። ቱቦው ራሱ ከብረቱ ጋር በተጣበቀበት ቦታ ካፈሰሰ ግን በቤት ውስጥ መጠገኛ የለውም። በማጥበቂያ ማሰር አደገኛ ነው፤ በግፊት የሚረጭ ዘይት የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ እሳት ያስነሳል።

መሪው ሲዞር ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ዘይቱም አረፋ አለው

ዘይቱ ከጎደለ ይሙሉትና ይስሙት። ሞልቶም ካጉረመረመ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። ከቋቱ ወደ ፓምፑ የሚገባው መንገድ የመሳቢያ ወገን ስለሆነ ሞተሩ ሲሠራ ዘይት ከማውጣት ይልቅ አየር ያስገባል። ለዚህም ነው ያ የቋቱ ቀለበት ምንም ሳያፈስ ፓምፑን ሊያስጉረመርም የሚችለው። ፓምፑን ከመቀየርዎ በፊት ቀለበቱን ይቀይሩ።

ቺንጊያውና አካባቢው ዘይት ተረጭቶባቸዋል

ዘይቱ በክብ ቅርጽ ከተረጨ የሚያፈሰው ከፑሌጃው ጀርባ ያለው የፓምፑ ዘንግ ኦይል ሲል (ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚያሽገው ቀለበት) ነው። እዚህ ላይ ፓምፑ መውጣት አለበት። ሥራው አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይፈልጋል፤ መኪናውን እዚያው ፈትቶ ማሳደር የሚከለከልበት የአፓርታማ ማቆሚያ ላይ አይጀምሩት።

አብዛኛው ሰው እዚህ ሲደርስ የታደሰ ፓምፕ ይገዛል። እኔ ግን ዋናው ፓምፕ ካላጉረመረመ፣ የዘንጉ ኩሽኔታም ካልተላላ፣ የማሸጊያ ኪት ገዝቶ እሱኑ ማደስ ይሻላል ባይ ነኝ። ርካሽ የታደሱ ፓምፖች ውስጣቸው ምን እንደገባ አይታወቅም።

ቺንጊያውን ከማውጣትዎ በፊት የፑሌጃውን ዳዶ ያላሉ፤ ቺንጊያው ፑሌጃውን ይይዝልዎታል። ፓምፑ ጠረጴዛ ላይ ሲፈታ እያንዳንዱን እርምጃ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ቀለበታማው ክፍል የትኛው ፊቱ ወደ የት እንደሚመለከትም ምልክት ያድርጉበት። በመሐል ያሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ ጠርዛቸው ክብ ነው። ሲመለሱ ክቡ ጠርዝ ወደ ውጭ ይመለከታል፤ ከተገለበጡ ፓምፑ ራሱን ይፍቃል። የዘንጉን ገጽ በጥፍርዎ ይዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱም ኦይል ሲል አይቆይም፤ ያኔ ሌላ ፓምፕ መፈለግ ይሻላል።

ዘይት ማስቆሚያ ተብሎ በጠርሙስ ስለሚሸጠው ፈሳሽ ብዙ ይጠየቃል። ሥራው የደረቀ ጎማን ማለስለስና ማሳበጥ ነው። መኪናውን ሊሸጡት ካልሆነ በቀር አልመክርም፤ ሊሸጡት ከሆነ ደግሞ የገዢውን ነገር አምላክ ይወቀው።

መሪው በዝግታ ሲነዱ ይከብዳል

ይህ መፍሰስ ባይሆንም ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል። የቺንጊያውን ጥብቀትና የዘይቱን መጠን አይተው ደህና ከሆኑ ወደ መሪው ራክ (የመሪውን ዙር ወደ ፊት ጎማዎቹ ወደሚያስተላልፈው ክፍል) ይውረዱ። በራኩ ላይ እንደ መኪናው ፍጥነት የመሪውን ክብደት የሚቆጣጠር ሶሌኖይድ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ አለ፤ በውስጡም ደቃቅ ወንፊት አለ። ያረጀ ፓምፕና ቱቦ የሚለቁት ቆሻሻ ይህን ወንፊት ይደፍነዋል። ሶሌኖይዱን አውጥተው ወንፊቱን በፍሬን ማጽጃ ይጠቡት። ወንፊቱን ቀዶ መጣል የሚመክሩም አሉ፤ ያን ጊዜ ግን ቆሻሻው ወደ ራኩ ይገባል፣ የራክ ዋጋ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ራኩ ራሱ ሲያፈስስ? በሁለቱ ጫፎቹ ያሉትን የጎማ ሽፋኖች ጨምቀው ይዩ። ውስጣቸው ዘይት ካለ የራኩ የውስጥ ማሸጊያ አልቋል። ራኩን መቀየርና ከዚያ በኋላ ጎማዎቹን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ይህንን ለጋራዥ ይተዉት።

ከጥገናው በኋላ አየሩን ማስወጣት

የኋላ ጎማዎቹን ያስደግፉ፣ የፊቱን በክሪክ አንስተው በማሳረፊያ ብረቶች ላይ ያስቀምጡት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የድሮው ዘይት ከጠቆረ የመመለሻ ቱቦውን ከቋቱ ነቅለው ጠርሙስ ውስጥ ይክተቱት፣ የቋቱን አፍ ይድፈኑ፤ ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን እያዞሩና አዲስ ዘይት እየጨመሩ ንጹሕ ቀይ እስኪመጣ ያስወጡት። ከዚያ ቱቦውን መልሰው፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ጊዜ ያህል በዝግታ ያዙሩ። የዘይቱ መጠን ሲወርድ ይሙሉ። አረፋው ሲጠፋ ሞተሩን አስነስተው ይድገሙት፤ መሪውን ጫፍ ላይ ይዘው አይቆዩ፣ ግፊቱ ከፍተኛ የሚሆነው እዚያ ነው።

ዘይቱ ወተት ከመሰለ ሞተሩን አጥፍተው እስኪጠራ ይጠብቁና ይቀጥሉ። በቋቱ ላይ ለቀዝቃዛና ለሙቅ ዘይት የተለያዩ መስመሮች አሉ፤ ቀዝቃዛውን ዘይት እስከ ሙቁ መስመር ከሞሉት ሲሞቅ በክዳኑ በኩል ይወጣና አሁንም የሚያፈስ ይመስልዎታል። አሮጌውን ዘይት ወደ ፍሳሽ አይድፉት፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ኮፋኖውን ከፍተው የዲናሞውን አናት በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁ ቀይ ይዞ ከወጣ ከላይ የረጠበውን ቦታ መፈለግ እንደገና ይጀመራል።