ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በበልግ፦ ዓሣው ሲለግም

ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ የሚባሉት ዓሦች አብረው ስለሚገኙ ለማጥመድ ሁለት ክር፣ ቀጭንና ወፍራም፣ ይዘው ይውጡ።

ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ፣ ቀጭን ክርና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ ቡሽ ይበቃዋል። ከምድር ትሉ ግማሹን ብቻ ይሰኩ። ሙሉው ከተንጠለጠለ ጫፉን ገንጥሎ ይሄዳል። ከቄጠማው ዳር፣ አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይጣሉ። ቡሹ ስለተንቀጠቀጠ አይሳቡ፤ እየቀመሰ ነው። ወደ ጎን ሲሄድ ወይም ሲሰምጥ በእጅ አንጓ ብቻ ቀለል አድርገው ይሳቡ።

ሌሊት ዘንቦ ውሃው ከቀዘቀዘና ከደፈረሰ ቆሮሶ ይለግማል። ያኔ ቦታ ከመቀያየር አምባዛን መጠበቅ ይሻላል፤ ሽታ ተከትሎ በጢሙ እየዳበሰ ስለሚመጣ ድፍርሱ አያግደውም። ቁጥር 2/0 መንጠቆ፣ ወፍራም ክር፣ ክሩን የሚያሰምጥ 30 ግራም የእርሳስ ክብደት፣ ለማጥመጃ ምግብ የዓሣ አንጀት፤ እርሳሱ የሐይቁን ወለል ይንካ። የጎን ክንፉ እሾህ እጅ ስለሚወጋ ከጭንቅላቱ ኋላ በጨርቅ ይያዙት።

ቢልጫ በሁለቱም ክር ሊመጣ ይችላል። ሥጋው ጥቃቅን አጥንት ስለሚበዛው ለጥብስ አድካሚ ነው።

ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቡሹን ስለሚያናውጠው ጠዋት ይሻላል። ጉማሬ የሚውልበትን ቄጠማ ይራቁ፤ ቢልሃርዚያ ስላለም ውሃው ውስጥ ገብተው አይቁሙ።