ማሽኑ ላይ የሚታየው ጥፋት ጠረጴዛው ላይ ይጀምራል፦ የልብስ ስፌት ሠልጣኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ መሃል ባሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ሥልጠና የሚመዘገብ ሁሉ መጀመሪያ የሚቸኩለው ወደ ማሽኑ ነው። ቀጥ አድርጎ መስፋት ግን በጥቂት ሳምንት ልምምድ ይመጣል። ሥራ የሚያበላሸው ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ጨርቁ ሲገዛ፣ ሲለካ፣ ሲቆረጥ።

ጨርቅን በሻጩ ቃል መግዛት

መርካቶ ውስጥ «ንጹህ ጥጥ ነው» የተባለ ጨርቅ ከፖሊስተር ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። በእጅ በመዳሰስ ብቻ አይታወቅም። ከዳሩ ጥቂት ክር መዛችሁ በወረንጦ ያዙና፣ ከስር የብረት ሳህን አድርጋችሁ፣ ውሃ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ፣ እሳት አስጠጉበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፤ የሚተወው ለስላሳ ግራጫ አመድ ነው። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። አመድም እንክብልም ካያችሁ ቅልቅል ነው። ድሩን (በጨርቁ ርዝመት የሚሄደውን ክር) እና ማጉን (በወርዱ የሚሻገረውን) ለየብቻ ሞክሩ፤ ድሩ ጥጥ ሆኖ ማጉ ሌላ የሆነ ጨርቅ አለ።

ይህን ያላወቀ ሰው በጥጥ ልክ የጋለ ካውያ ያሳርፍበትና ጨርቁን ያበላሸዋል። ማቅለም ላይ ደግሞ ይብሳል፦ የጥጥ ቀለም ፖሊስተርን አይይዘውም። ፖሊስተር የራሱ ዓይነት ቀለምና 130 ዲግሪ አካባቢ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ በተራ ድስት አይገኝም።

ስትገዙ ወርዱንም ጠይቁ። 1.50 ሜትር ወርድ ላለው ጨርቅ የተሰላ ሜትር 1.15 ላለው አይበቃም።

ሳያጥቡ መቁረጥ

ጨርቁ ላይ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በማይለቅ ምልክት አድርጉ። እጠቡት፣ አድርቁት፣ ተኩሱት፣ እንደገና ለኩት። በድሩ በኩል 48.5 ከሆነ 3 በመቶ ተሰብስቧል ማለት ነው፤ 100 ሳንቲ ሜትር የነበረው ሱሪ መጀመሪያ በታጠበ ቀን 97 ይሆናል። በማጉ በኩል ለብቻው ለኩ፤ ሁለቱ እኩል አይሰበሰቡም።

የድሩን አቅጣጫ መሳት

በጣም የሚያሳዝነው ስህተት ይህ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። ፓተርን (ልብሱ የሚቆረጥበት የወረቀት ቅርጽ) ላይ ያለው ቀስት በርዝመቱ ካለው የጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ መሆን አለበት። በዓይን ግምት አይሆንም። ከቀስቱ ላይኛ ጫፍ እስከ ዳሩ ለኩ፣ ከታችኛውም ጫፍ ለኩ። አንዱ 22 ሌላው 22.5 ከሆነ ጠማማ ነውና አስተካክሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በስፒል ያዙት ወይም ክብደት ጫኑበት።

ሠልጣኞች ጨርቅ ለመቆጠብ ሲሉ ፓተርኑን ትንሽ ያዞሩታል። ቁራሹ ጠረጴዛው ላይ ሲታይ ምንም አይልም፤ ስፌቱም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሱሪው ከታጠበ በኋላ ግን የጎኑ ስፌት ወደ ፊት ይዞራል፣ እግሩ ጉልበት ላይ ይጣመማል። አስተማሪው ስፌቱን ቢያስፈታችሁም አይስተካከልም፤ የተጣመመው ጨርቁ ነው። ከፋይና ሌላ ጸጉር ያለው ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት፣ አለዚያ በአንድ ልብስ ላይ ሁለት ቀለም ያለ ይመስላል።

ሁለቱን ትርፎች ማደባለቅ

የመንቀሳቀሻ ትርፍና የስፌት ትርፍ የተለያዩ ናቸው። ደረቱ 92 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ሸሚዙ 92 ከሆነ መተንፈስ ይቸግረዋል፤ ለተለመደ ሸሚዝ ከ10 እስከ 12 ይጨመራል። የስፌት ትርፉ ከዚያ ሌላ ነው፤ ለጎን 1 ሳንቲ ሜትር፣ ለኮሌታ 0.6። እያንዳንዱ የፓተርን ቁራጭ ላይ ስሙን፣ መጠኑን፣ ስንት እንደሚቆረጥና የስፌት ትርፉ መግባት አለመግባቱን ጻፉ። አዲስ ፓተርን መጀመሪያ በአቡጀዲ ይሞከር።

ክር በተወሳሰበ ቁጥር ቦቢኑን መነካካት

ከጨርቁ ስር ክር ከተጉነጎነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቦቢኑ (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት) ሳይሆን የላይኛው ክር ነው። ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር አንሡና ክሩን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ እንደገና አስገቡ፤ ክሩን የሚጨብጡት ዲስኮች የሚከፈቱት እግሩ ሲነሣ ነው። እግሩ ወርዶ ካስገባችሁት ክሩ ዲስኮቹ መካከል አይገባም። ያም ካልረዳ የቦቢን ቤቱን አውጡና በክሩ አንጠልጥሉት። ዝም ብሎ መቆየት አለበት፤ እጃችሁን ትንሽ ነጠቅ ስታደርጉ ጥቂት ወርዶ ይቆማል። እስከ መሬት ከወረደ ላልቷል፣ ጨርሶ ካልተነቃነቀ ጠብቋል። ብሎኑን በሩብ ዙር ሳይሆን ከዚያም ባነሰ አዙሩ።

ስፌት የሚዘል ከሆነ መርፌውን እዩ። በኢንዱስትሪ ማሽን ላይ ክሩ ከግራ የሚገባ ከሆነ የመርፌው ረጅም ቦይ ወደ ግራ ይዞራል። ለስስ ጨርቅ 70፣ ለተለመደ ሸሚዝ 80፣ ለጅንስ 100 ቁጥር መርፌ ይሆናል። ለሚለጠጥ ጨርቅ ጫፉ የደነዘዘው መርፌ አለ፤ የሾለው ክሩን ይበሳና ቀዳዳ ይተዋል።

መርፌ ስትቀይሩ ማሽኑ ይጥፋ። የክላች ሞተር ከጠፋም በኋላ ጥቂት ስለሚዞር፣ ፔዳሉን ረግጣችሁ እስኪቆም ጠብቁ። ነጠላና ስካርፍ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ማሽን ላይ አይቀመጡም።

ካውያን ለመጨረሻ ማቆየት

ስፌት ሳይተኮስ ሌላ ስፌት አይሻገርበትም። መጀመሪያ እንደተሰፋ ተኩሱት፣ ቀጥሎ ትርፉን ከፍታችሁ ወይም ወደ አንድ ጎን አስተኝታችሁ ተኩሱ። ካውያውን አንሥታችሁ አሳርፉ እንጂ አትጎትቱት፤ መጎተት ጨርቁን ይለጥጣል፣ በተለይ አንገትና ብብት ላይ።

ናሙና ሳይዙ መቀጠል

ከሠራችሁበት ጨርቅ ሁሉ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ደብተር ላይ ለጥፉ። ጥቃቅን ክብደት በሚለይ ሚዛን ግራሙን ለኩና በ100 አባዙት፤ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ይሆናል፤ 1.5 ግራም ከመዘነ 150 ነው። ከጎኑ የእሳቱን ውጤት፣ የተሰበሰበበትን በመቶ፣ የመርፌውን ቁጥርና የስፌቱን ርዝመት በሚሊ ሜትር ጻፉ። ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተና የሚሰጣችሁን ጨርቅ በዳሰሳችሁ ጊዜ፣ በየትኛው መርፌ እንደሚሰፋ ገጹን ታስታውሳላችሁ።